የሁለት ኪሎ ሚስማር ደረሰኝ

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ በርበሬ ትነግዳለች። ጎበዝ ናት፣ ቤቷም ጽዱ ነው። ደረሰኝ መጣል ግን አትችልም። የመብራት፣ የውኃ፣ የቆርቆሮ፣ የዕቁብ ደብተር፣ ሁሉም ሁለት ማዳበሪያ ሞልቶ አልጋ ሥር ተቀምጧል። አይጥ ገባበት። በ2011 ቤቱን ስሠራ የተገዛ የሁለት ኪሎ ሚስማር ደረሰኝ እንኳ አልቀራትም! ቡሬ ገበያ የሄደች ቀን አንዱን ማዳበሪያ አቃጠልኩት። ስትመለስ አመዱን አይታ ‹እንግዲህ ምን አለኝ?› አለች። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ፣ አታናግረኝም። ሰነድ በሥርዓት መያዝን እንዴት ላስተምራት?» (መምህር፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በእያንዳንዱ ጊዜ «እንግዲህ ምን አለኝ?» የሚለው ላይ ቆምኩ። የተቃጠለው የድሮ ደረሰኝ ነው። አንድ ሰው ለድሮ ደረሰኝ እንዲህ አይልም።

ከደብዳቤህ መጨረሻ እግረ መንገድህን የጻፍካት ነገር አለች። ከአራት ዓመት በፊት ተጣልታችሁ «በዚህ ቤት ያንቺ አንድ ሚስማር የለም» ብለሃታል። «የንዴት ነገር ነው፣ ያኔውኑ ታርቀናል» ትላለህ። ከፍ ብሎ ደግሞ ወረቀት መሰብሰብ ያበዛችው «ሦስት አራት ዓመት ይሆናታል» ብለሃል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገህ አንብባቸው።

አንተ ስትታረቅ እሷ ደረሰኝ ፍለጋ ገባች። የ2011ን ወረቀት ከየጥጋጥጉ ለቃቅማ አወጣች። የሳቅህበት የሚስማር ደረሰኝ ለዚያ ንግግርህ የተቀመጠ መልስ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህ ነገር በብዙ ቤት አለ። የአንተ ደመወዝ በየወሩ በስምህ ይመጣል፣ ፔሮል ላይ ትፈርማለህ። ወደ ቤት ያስገባኸውን ገንዘብ ማንም አይክድህም። የእሷ ገንዘብ እንዲያ አይደለም። በርበሬ ሲረክስ ገዝታ፣ ቀንጥሳ፣ አድርቃ፣ ሲወደድ ሸጣ ያገኘችው ብር ከእጇ ሳይሞቅ ዘይት ይሆናል፣ የልጅ ደብተር ይሆናል፣ ሚስማር ይሆናል። ዘይቱ ያልቃል፣ ሚስማሩ ግድግዳ ውስጥ ይገባል። የቀራት ምልክት ደረሰኙ ብቻ ነው። አንተም «ቤቱን ስሠራ» ብለህ ነው የጻፍከው። «ስንሠራ» አላልክም።

የቤተሰብ ሕጋችን በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዳችሁ ስም ቢመዘገብ እንኳ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ማስረዳት ያለበት «የግሌ ነው» ባዩ ነው። ስለዚህ ዳኛ ፊት ብትቆም እንኳ የሚስማር ደረሰኝ ማንም አይጠይቃትም። ታዲያ ለማን አስቀመጠችው? ለአንተ ይመስለኛል።

ዕቃ መጣል አለመቻል ራሱን የቻለ ሕመም የሚሆንበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ወረቀት ብቻ ለይቶ አያከማችም። ቤቷ ጽዱ መሆኑን ደግሞ ራስህ መስክረሃል። የአይጡ ነገር እውነት ነው፣ ወረቀቱ ሥርዓት ይፈልጋል። ቢሆንም ማስተማሩ ይቆይ፣ ይቅርታው ይቅደም። ስለ አመዱ ብቻ ሳይሆን ስለዚያች ንግግርህም። የንግግሩን ቃል ራስህ አንሳው፣ «የድሮ ነገር» ብለህ አትለፈው።

ሽማግሌ ለመላክ አትቸኩል። «ቻይው፣ ትዳር ነው» ተብላ ዝም ብትል ቁስሉ እዚያው ይቀራል። ዝምታው ከቀጠለ ግን ሁለታችሁም ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ወርዳችሁ አማካሪ ፊት ለፊት ብታነጋግሩ እመርጣለሁ። እኔ የሰማሁት የአንተን ወገን ብቻ ነው።

እሺ ካለች አንድ እሑድ ወረቀቱን አብራችሁ ዘርግፉት። የሚቀመጠውን እሷ ትምረጥ። የቦታ ካርታ፣ የግብር ደረሰኝና የብድር ውል ለብቻ በክላሰር ይቀመጡ። የንግድ ሰነዶቿን ሳትጠይቃት አትንካ። ከማሽን የሚወጣው ደረሰኝ ጽሑፉ በጊዜ ስለሚጠፋ በስልክ ፎቶ አንሱት። የምትጥሉትን እሷ በእጇ ትጣለው። በአንድ ቀን ላያልቅ ይችላል፣ አትጫናት።

ሁለተኛው ማዳበሪያ አሁንም አልጋ ሥር ነው ብለሃል። እስከዚያ እንዳታንቀሳቅሰው። የሚስማሩ ደረሰኝ እዚያ ውስጥ ተርፎ ቢሆን ደስ ይለኛል።