ፊትን በቀጥታ መስመር ለምትሠሩ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ግራፊክስ መማር የጀመራችሁ ልጆች ሥራችሁን ስታሳዩኝ ዘወትር የማየው አንድ ዓይነት ምስል አለ፤ ከፎቶግራፍ ላይ የተሠራ፣ በሦስትና በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ፣ ግንባሩ ቢጫ፣ ጉንጩ ሮዝ፣ ከአገጩ ሥር ያለው ጥላ ሐምራዊ የሆነ የሰው ፊት። አሠራሩ የመጣው ከኢንዶኔዥያ ሲሆን ደብሊው ፒ ኤ ፒ፣ ማለትም የዌድሃ ፖፕ አርት ፖርትሬት በሚል ስም ይታወቃል፤ ፖፕ አርት ከታዋቂ ሰዎች፣ ከማስታወቂያና ከመጽሔት ምስሎች የሚነሣ ደማቅ የሥዕል ስልት ነው፣ ፖርትሬት ደግሞ የሰው ምስል ማለት ነው። አሳምራችሁ የምትሠሩት ጥቂቶች ናችሁ፤ የሚበዙት የቀለሙን ድምቀት ወስደው ፊቱን ትተውታል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ስለ ፊቱ ነው።

ዌድሃ አብዱል ራሺድ እ.ኤ.አ. በ1951 በምዕራብ ጃቫ፣ ቺረቦን ከተማ ተወለዱ፤ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም «ሃይ» ለተባለው የኢንዶኔዥያ የወጣቶች መጽሔት ሠዓሊ ሆነው ለዓመታት ሠርተዋል። ዕድሜያቸው ወደ አርባ ሲጠጋ የዓይናቸው ብርሃን እየደከመ በመሄዱ፣ የቆዳን ለስላሳ ሽግግር እያዋሐዱ እውነተኛ የሚመስል ፊት መሣል ከበዳቸው። በ1990 ገደማ የደረሱበት መፍትሔ ፊትን እንደ ጠፍጣፋ ክፋዮች ስብስብ አድርጎ ማየት ነበር። መጀመሪያ የሰጡት ስም «ፎቶ ማራክ በርኮታክ» የሚል ሲሆን፣ አሁን የምናውቀው መጠሪያ የመጣው በኋላ ነው። ከዚህ ታሪክ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ሰውየው ይህን ዘዴ የጀመሩት ፊት መሣልን ጠንቅቀው ካወቁ በኋላ መሆኑን ነው። ጉንጭ የት ላይ እንደሚታጠፍ፣ የአፍንጫ ጥላ እስከ ምን እንደሚወርድ እጃቸው ያውቀዋል፤ ስለዚህ የቀረውን ሁሉ ሊጥሉት ቻሉ።

የአሠራሩ ደንብ ጥብቅ ነው። ጎባጣ መስመር አይገባበትም፤ እያንዳንዱ ክፋይ አንድ ወጥ ቀለም ይይዛል እንጂ ቀስ በቀስ አይደበዝዝም፤ የተፈጥሮ የቆዳ ቀለምም ግዴታ አይደለም። ይህ ሁሉ ተነሥቶ ሲያበቃ ግን ምስሉ የሰውየው መሆን አለበት። ታዲያ መልኩ የሚቀረው በምን ላይ ነው? በብርሃንና በጥላ ቅደም ተከተል ላይ ነው። ቢጫ በተፈጥሮው ብሩህ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ በተፈጥሯቸው ጠቆር ያሉ ናቸው፤ ብርሃን ያረፈበትን የግንባር ክፍል ሐምራዊ፣ ጥላ የዋለበትን የዓይን ጉድጓድ ቢጫ ያደረገ ሰው ቀለም መረጥሁ ብሎ የሰውየውን አጥንት ያፈርሰዋል። ስለዚህ ቀለም ከመንካታችሁ በፊት ፎቶግራፉን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጡት፣ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ተመልከቱት፣ ከዚያም ከብሩሁ እስከ ጨለማው አራት ወይም አምስት ደረጃ ለዩ። ቀለማቱን የምታድሉት ለእነዚህ ደረጃዎች ነው፤ በአንድ ደረጃ ውስጥ ሮዝ ከአረንጓዴ ጋር ቢጎራበት ምንም አይደል፣ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። ሥራው ሲያልቅ መልሳችሁ ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ያን ጊዜ ሰውየው ካልታወቀ በቀለሙ ላይ አትድከሙ፣ ወደ ክፋዮቹ ተመለሱ።

ዓይን ላይ ስትደርሱ ፍጥነታችሁን ቀንሱ። የዓይን ብሌን ክብ ስለሆነ ቀጥታ መስመር ብቻ የያዘ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው፤ ብዙዎቻችሁም ደንቡን ጥሳችሁ ክብ ታስገባላችሁ፣ ያም ከቀረው ፊት ጋር ሳይዋሐድ ይቀራል። ክቡን በስድስት ወይም በሰባት አጫጭር ቀጥታ ጎኖች ክበቡት፤ የላይኛው ሽፋሽፍት የሚጥለውን ጥላ በብሌኑ አናት ላይ እንደ ቀጭን ጨለማ ክፋይ አስቀምጡ፤ ብርሃኑ የሚያንጸባርቅባትን ትንሽ ነጭ ነጥብ ደግሞ ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ጎን አድርጋችሁ በፎቶግራፉ ላይ ባለችበት ቦታ አኑሯት። ያቺ ነጥብ ከቦታዋ ትንሽ ከተዛነፈች ሰውየው ወደ ሌላ አቅጣጫ ያያል። በጉንጭና በግንባር ላይ ክፋዮቹ ሰፋ ይበሉ፤ በዓይንና በከንፈር አካባቢ ይጠቡ። ፊቱን ሁሉ እኩል የሚቆራርጥ ሰው የተሰነጠቀ መስተዋት ነው የሚያሳየን።

ፎቶግራፍን በራሱ ወደ ክፋይ የሚለውጡ ፕሮግራሞች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ለልምምድ እንኳ አልመክራቸውም፣ ምክንያቱም ፕሮግራሙ የሚከተለው የፒክስሉን፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባቸውን ጥቃቅን ነጥቦች ልዩነት እንጂ ጉንጭ መሆኑን አይደለም። በኢሉስትሬተርም ሆነ በኮረልድሮው የሥዕል ፕሮግራም ስትሠሩ መስመሩን ራሳችሁ ጣሉት። ጎን ለጎን ባሉ ክፋዮች መካከል ቀጭን ነጭ ጭረት ከታያችሁ ከሥር ያለውን ክፋይ ትንሽ አስረዝማችሁ በላይኛው አስሸፍኑት። ወደ ማተሚያ ቤት ከመላካችሁ በፊትም ፋይሉን ወደ አራቱ የኅትመት ቀለማት ለውጣችሁ እዩት፤ በስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴና ሐምራዊ በወረቀት ላይ ስለሚደበዝዝ የብርሃን ቅደም ተከተላችሁ ሊዛባ ይችላል።

እናንተ የምትከፋፍሉት ብርሃን መጀመሪያ በሌላ ሰው ዓይን የተመረጠ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው መብራቱን አስተካክሎ፣ ጊዜውን ጠብቆ ያነሣውን ፊት ከኢንተርኔት አውርዶ፣ ቀለሙን ቀይሮ «የእኔ ነው» ማለት ተገቢ አይመስለኝም፤ ሕግም ዝም አይልም። ፎቶግራፍ አንሺዋ ሊን ጎልድስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1981 ድምፃዊው ፕሪንስን ፎቶግራፍ አንሥተውት ነበር፤ አንዲ ዋርሆል ከዚያ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሠራውን ምስል የዋርሆል ፋውንዴሽን ለመጽሔት ኅትመት ፈቃድ በመስጠቱ በተነሣው ክርክር፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ለፎቶግራፍ አንሺዋ ፈርዷል። የፖፕ አርት አባት የሚባለው ሰው ሥራ ያላመለጠውን እኛ እናመልጣለን ማለት ድፍረት ነው። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ ጥበቃ ይሰጣል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 27 ደግሞ የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ለታዋቂ ሰዎችና ለባለሥልጣናት የተተወው ልዩ ሁኔታ የጎረቤታችሁን ልጅ አይመለከትም። ለሽያጭ የምትሠሩ ከሆነ ፎቶግራፍ አንሺውንም ባለ ምስሉንም አስፈቅዱ፣ የፎቶግራፍ አንሺውንም ስም ከሥራው ሥር ጻፉ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ፎቶግራፉን ራሳችሁ ማንሣት ነው። ሰውየውን በመስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ ከአንድ ጎን እንዲያርፍበት አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ከሌላው ጎን ያለው ጉንጭ በከፊል ይጨልም። ፍላሽ አትጠቀሙ፤ ከፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ግንባርንና ጉንጭን አንድ ደረጃ አድርጎ ስለሚደፈጥጠው የምትከፋፍሉት ነገር ያሳጣችኋል። ስልክም ይበቃል።