የዱቤ ደብተሬን በስልክ ልተካው?

ጥያቄ፦ ጎንደር አዘዞ ውስጥ ባልትና ቤት አለኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅቤ፣ ተልባ፣ የገንፎ ዱቄት እሸጣለሁ። ሰፈርተኛው በዱቤ ስለሚወስድ ደብተር እይዛለሁ። ሰሞኑን አንድ ወጣት መጥቶ "ደብተሩን የሚተካ አፕ በነጻ ልጫንልዎ" አለኝ። ማን፣ መቼ፣ ምን፣ በስንት እንደወሰደ ይመዘግባል። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ ደግሞ "ቆይ እማዬ፣ መጀመሪያ በስፔኩሌቲቭ ዲዛይን እንፈትነው" ትለኛለች። እሱ ደሞ ምንድን ነው? ነጻ ነገርስ ምን ክፋት አለው?

መልስ፦ እትዬ፣ ልጅዎን ይስሟት። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ገና ያልመጣ ዘመን ዕቃን ዛሬ ሠርቶ ሰው ፊት ማስቀመጥና "እንዲህ መኖር እንፈልጋለን ወይ?" ብሎ ማነጋገር ነው። ዲዛይነሮቹ አንቶኒ ደን እና ፊዮና ራቢ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት መጽሐፍ በሰፊው አስተዋውቀውታል። ትንቢት እንዳይመስልዎ፤ የወሬ መነሻ ነው።

እርስዎ ቤት እንዲህ ይሞክሩት። ከ10 ዓመት በኋላ የወጣ የሚመስል ደረሰኝ ልጅዎ ትጻፍልዎ፤ ደንበኛዋ የፈጠራ ትሁን፦ "ሁዳዴ ሲገባ ቅቤ አቁማለች። በየሳምንቱ ተልባ ትወስዳለች። ከፋሲካ ወዲህም ሽሮ ብቻ። የብድር ጥያቄዋ ውድቅ ሆኗል።" ሚዛኑ አጠገብ ይለጥፉትና ደንበኞችዎ የሚሉትን ያዳምጡ።

እዩት እስቲ። ቅቤው ሃይማኖቷን ተናገረ፣ ተልባው ጨጓራዋን፣ ሽሮው እጅ ማጠሯን። የገንፎ ዱቄት ሲበዛማ ቤቱ አራስ እንደሚጠብቅ ማን ያጣዋል? ይህን ሁሉ እርስዎም ያውቁታል። ግን ደብተርዎ ከመሳቢያ ወጥቶ አበዳሪ ቤት አይሄድም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321፣ የጤናና የሃይማኖት መረጃን ለይቶ ጠበቅ ያለ ጥበቃ ይሰጣቸዋል። ተልባና ቅቤን ግን ማን እንዲህ ያለ መረጃ ናቸው ይላል? እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ወጣቱ ሲመለስ "ስምና ቀሪ ዕዳ ብቻ እንድመዘግብ አርግልኝ" ይበሉት። መዝገቡ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየውም በጽሑፍ ይስጥዎ። "የዕቃው ዓይነት ካልገባ አይሠራም" ካለዎት የመጣው ለእርስዎ ዱቤ ብሎ አይደለም። ቡና አጠጥተው ይሸኙት።