በርገር ልትዞሩ ነው? መጀመሪያ ሒሳቡን ተነጋገሩ

ጥያቄህን አየሁት። ስድስት ጓደኛሞች ናችሁ፣ በየሁለት ሳምንቱ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ በርገር ቤት እየመረጣችሁ፣ ቀምሳችሁ ነጥብ ልትሰጡ አስባችኋል። «ከየት እንጀምር፣ ነጥቡንስ በምን እንስጥ?» ነው ያልከው። ወንድሜ፣ እኛ ጥር 2017 ላይ ስንጀምር ሰባት ነበርን። አሁን አምስት ነን። ሁለቱ የት ሄዱ የሚለውን ስነግርህ ጥያቄህ ራሱ ይቀየራል።

ከየት እንጀምር የሚለው ቀላሉ ነው። ቦሌ ሞልቷል፣ 22 አለ፣ ሳር ቤት፣ ገርጂ፣ ሲኤምሲ። በአንድ ቀን አንድ ሰፈር ብቻ ያዙ። ሰው የድሮ ዝርዝር ከላከላችሁ ግን ሳትደውሉ እንዳትወጡ። እኛ ከሁለት ዓመት በፊት የተጻፈ «ምርጥ አስር» ይዘን ካሳንችስ ሄድን። ቤቱ የለም። ቤቱ ይቅርና የሰፈሩ ብዙ ክፍል ፈርሶ ሜዳ ሆኖ ነበር። ሰባት ሰው በሁለት ራይድ ሄዶ አጥር አይቶ ተመለሰ።

እንዳይረዝምብህ በቁጥር ልጻፍልህ።

1. ሒሳቡን ሳትቀምሱ ጨርሱት።

ይህን ማንም አልነገረኝም። የመጀመሪያው ቀን ቦሌ ነበር የሄድነው። ሜኑው ላይ በርገሩ 650 ይላል። ያዘዝነውን ሁሉ በስልክ ደመርኩት፣ 5,540 ብር። ለሰባት ሰው ክፉ አይደለም ብዬ ተደሰትኩ። ደረሰኙ ሲመጣ 7,008 ነው። ሜኑው ግርጌ ላይ ጉንዳን በምታክል ፊደል «ቫትና ሰርቪስ አይጨምርም» ተብሏል። መጀመሪያ 10 ፐርሰንት ሰርቪስ ይጨመራል፣ ከዚያ በድምሩ ላይ 15 ፐርሰንት ቫት። ስለዚህ 25 ፐርሰንት አይደለም የሚጨምረው፣ 26.5 ነው። የ650 ብሩ በርገር 822 ገባ ማለት ነው። በምታስቡት በጀት ላይ አሁኑኑ ሩብ ያህል ጨምሩበት።

እሱም ባልከፋ። ሁሉም ስልኩን ሲያወጣ፣ የአንዱ ኔትወርክ እምቢ ሲል፣ ሌላው ፒኑን ሲረሳ፣ አስተናጋጇም ቆማ ስትጠብቅ አፈርኩና «እኔ ልክፈል፣ ትልኩልኛላችሁ» አልኩ። ጉዴን ያፈላችው ይህች ቃል ናት። ለእያንዳንዱ 1,001 ብር ይደርሰዋል። ሦስቱ ራይድ ውስጥ ሳንገባ ላኩልኝ። አንዱ 500 ላከና «ቀሪውን ነገ» አለ። ያ ነገ እስካሁን አልመጣም። ሁለቱ ጭራሽ ዝም።

እንዴት ብዬ ልጠይቅ? ለበርገር ብር ጓደኛውን አስጨነቀ መባል አለ። ይሉኝታ ያዘኝ። ሁለተኛው ጊዜም ራሴው ከፈልኩ። አስተናጋጆች ግንባሬ ላይ «ከፋይ» የሚል ነገር ያነባሉ መሰለኝ፣ ሰባት ሰው ተቀምጦ ደረሰኙን ሁልጊዜ እኔ ፊት ነው የሚያስቀምጡት።

ሦስተኛው ጊዜ ነው የፈረሰው። እሱን ከመንገሬ በፊት ግን ሁለተኛውን ቁጥር ላስገባ፣ ተያያዥ ነው።

2. ጾሙን ቁጠሩ፣ ሥጋውንም ጠይቁ።

ከመካከላችን አንዱ ያደገው ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ነው። ፋይቭ ጋይስ የሚባለው የአሜሪካ በርገር ቤት እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው እዚያ ነው። ይህን በየበርገር ቤቱ ይነግረናል፣ ራሱ የከፈተው ይመስል። ይኸው ልጅ ሐሙስ ሊበር ስለሆነ «ሳልሄድ አንድ ጊዜ» ብሎ ለመነን፣ ረቡዕ ወጣን። ረቡዕ መሆኑን እያወቅን። ቀኑ የካቲት 5 ነበር፣ ያውም የጾመ ነነዌ የመጨረሻው ቀን። እኔ አልጾምም ነበር፣ ይቅር ይበለኝ። አንድ ጓደኛችን ግን ይጾማል። የቤቱ የጾም በርገር አልቋል ተባለ። ቺፕስ በ180፣ ኮካ በ90 አዘዘና ተቀምጦ እኛ ስንበላ አየ። ሌላው ጓደኛችን ደግሞ ሙስሊም ነው። አስተናጋጁን «ሥጋው የማን ነው?» ሲለው ልጁ ግራ ገባውና «የሁሉም ነው» አለ። ስቀን ልንሞት! እሱ ግን አልሳቀም፣ መብላትም አልበላም። ዶሮስ ብንለው ዶሮም ይታረዳል እኮ፣ ያው ጥያቄ ነው። ከዓሣ በርገር ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

ስለዚህ ሰባት ሰው ለበርገር ወጥቶ የሥጋ በርገር የበላው አምስቱ ነው። ሒሳብ መጣ። ከፋዩ ማን እንደሆነ ታውቃለህ። ማታ ግሩፓችን ላይ እኩል አካፍዬ «በነፍስ ወከፍ 1,100» ብዬ ጻፍኩ። በእውነት ቺፕሱን ረሳሁት። ደክሞኝ ነበር። የሚጾመው ልጅ «እኔ የሥጋችሁን ልከፍል ነው?» አለ። ልክ ነው። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ሦስት ጊዜ ወጥተን ያልተመለሰልኝ ብር 6,400 ደርሶ ነበርና የተናደድኩት በሌሎቹ ሆኖ ሳለ እሱ ላይ ፈነዳሁ። «አንተ ደግሞ ለኮካ ትከራከራለህ?» አልኩት። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጊዜያት ወዲያው ከፍሎ የነበረው እሱ ነው! ከግሩፑ ወጣ። «ወጥቷል» የምትለዋን ጽሑፍ ሳያት ሆዴ ባባ።

የካቲት 17 ሁዳዴ ገባ። ከአምስት ቀን በኋላ ረመዳን ተጨመረ። ለሁላችንም ጥሩ ሰበብ ሆነልን። ሰው ሲጠይቀን «ጾም ነው እኮ» እንላለን፣ እውነቱ ግን ተኳርፈናል። አራት ወር አልተገናኘንም።

በነገራችን ላይ በሁዳዴ የሥጋ በርገር ነጥብ አትስጡ። ገበያው ስለሚቀዘቅዝ ሥጋው ፍሪጅ ውስጥ ይሰነብታል። እሱን ቀምሶ ቤቱን መኮነን ግፍ ነው። በዚያ ወቅት የጾም በርገር ብቻ አወዳድሩ፣ የምስርና የሽምብራ ፓቲ (ዳቦው መሃል የሚገባውን) አሳምረው የሚሠሩ ቤቶች አሉ።

3. ዕቁብ ግቡ።

ሰኔ ላይ እንደገና ስንሰባሰብ መላውን ያመጣው የሒሳብ ባለሙያው ጓደኛችን ነው። እኔ «ሐሳቡ የእኔ ነው» እላለሁ፣ እሱ ይክዳል። የበርገር ዕቁብ አቋቋምን። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ማታ እያንዳንዱ ሰው 1,300 ብር ለጸሐፊው ይልካል። ጭራሽ ያልላከ ቅዳሜ አይመጣም፣ ከሐሙስ አርፍዶ የላከ 50 ብር ይቀጣል። የተረፈው ለሚቀጥለው ይዞራል። ዕጣ እንጥላለን፣ ዕጣ የወጣለት ብሩን አይወስድም፣ ቤቱን ይመርጣል። ዳኛም አለን። ዳኛው የሚፈርደው «ተጨማሪ ቺዝ ከዕቁቡ ይከፈላል ወይስ ከኪስ?» የሚለውን ነው። ከኪስ ብሎ ፈርዷል። ደብል በርገርም ከኪስ ነው። የማይበላ ሰው ካለ የበላውን ብቻ ይቆረጥበታል።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ቤት ቀምሰናል፣ አንድም ቀን በብር አልተጨቃጨቅንም። የባለቤቴ የሥራ ባልደረቦች ምሳ የሚወጡት በእኛ ዝርዝር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባለዕዳዎች? አንደኛው አሁንም አብሮን አለ። ስሙን አልጠራም፣ ይህንን ያነበዋል።

4. ነጥቡን ሳትነጋገሩ ጻፉ።

ድሮ አንዱ ጎርሶ «አቦ ምርጥ ነው!» ካለ ሁላችንም 8 እንሰጣለን። ማን ደፍሮ 4 ይበል? አሁን እያንዳንዳችን ስልካችን ላይ ጽፈን ከጨረስን በኋላ ነው የምንገልጸው። ክፍፍላችን እንዲህ ነው፤ ሥጋው 4፣ ዳቦው 2፣ ዋጋው 2፣ ቺፕሱ 1፣ መስተንግዶው 1። የትም ብትሄዱ አንድ ዓይነት እዘዙ፣ ተራ ቺዝ በርገር። ስፔሻል የሚባለውን አትንኩ። እንቁላሉ፣ ሞርታዴላው፣ ማዮኔዙ ተደራርቦ ሥጋውን ይሸፍነዋል። ደካማ ቤት ጥሩ የሚሆነው በስፔሻሉ ነው።

ስትቀበሉት መሃሉን በቢላ ክፈሉት። ዳቦ የበዛበት ፓቲ እንደ ኬክ ይፈረፈራል፣ ያስታውቃል። የእኛ አገር የበሬ ሥጋ ደግሞ ቀዩ ከበዛ ይደርቃል። አንድ ወጥ ቤት ሠራተኛ ምሥጢሩን ነገረኝ፣ ቀዩን ሥጋ ከሻኛ ጋር አብሮ ይፈጨዋል። ከአምስት እጅ አንዱ ጮማ ካልሆነ በርገር አይባልም አለኝ። ያ ቤት እስከ ዛሬ አንደኛችን ነው።

የአርሊንግተኑ ልጅ አንድ ቀን «ሚዲየም ሬር» ብሎ ሲያዝ አስተናጋጁ «ለብ ለብ ማለትዎ ነው?» አለው፣ እንደ ክትፎ። በሳቅ አለቅን። ግን አታድርጉት። ሥጋ ሲፈጭ ላዩ ላይ ያለው ጀርም ውስጡ ይገባል። የተፈጨ ሥጋ መሃሉ 71 ዲግሪ ካልደረሰ አያስተማምንም። ክትፎ እየበላህ ነው ይህን የምትመክረን ካላችሁኝ፣ አዎ፣ የኮሶ መድኃኒትም በዓመት ሁለቴ እወስዳለሁ።

አምስተኛ ነው ስድስተኛ፣ ቁጥሩ ጠፋኝ። ስለ ካሜራ።

ፎቶ ስታነሱ ምግቡን ብቻ አንሱ፣ «ልንገመግም መጣን» ብላችሁ አታውሩ። ካወራችሁ ወይ በነጻ ይጋብዟችኋል፣ ያኔ ነጥቡ አለቀለት፤ ወይ እኛ የደረሰብን ይደርስባችኋል። ቦሌ አንድ ቤት፣ ስሙን ተወው፣ አንደኛው ጓደኛችን ለአስተናጋጇ በኩራት ነገራት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ማናጀሩ ከተፍ አለ። ሰላምታ የለ። «ፈቃድ አላችሁ?» የምን ፈቃድ? የከፈልኩበትን በርገር ለማንሳት? «የመጣችሁት ልትበሉ ነው ፎቶ ልታነሱ?» አለና ጥበቃውን ጠራ። ጥበቃው ምስኪን ነው፣ አፍሮ ቆመ። አንዲት ፎቶ አጠፋንለትና ነገሩ በረደ። ሌሎቹ አሥራ አንዱ አሉ።

ሒሳብ ሲመጣ በእጅ የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት ናት። ቫት ተደምሮባታል፣ የማሽን ደረሰኝ ግን የለም። የሒሳብ ባለሙያው ጓደኛችን ለዚህ ነው የተፈጠረው። «ቫት ካስከፈላችሁ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ስጡኝ» አለ። «ሲስተም የለም» ተባለ። «እጠብቃለሁ» አለ፣ ቁጭ አለ፣ ማኪያቶ አዘዘ። አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ሲስተሙ መጣ። ማናጀሩ ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮት ሄደ። ለመስተንግዶ ከ1 ዜሮ ሰጠነው። ለሥጋው ግን ከ4 ሦስት ተኩል፣ ሐቁ ይነገር፣ ሥጋውን ይችሉበታል።

ሰዓት ልንገርህ፣ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ግቡ። ዘይቱ አዲስ ነው፣ ወጥ ቤቱ አልተጨናነቀም። ከሰባት በኋላ የምትበሉት ቺፕስ የሌላ ሰው ዶሮ ይሸታል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ቤቱ ጄኔሬተር እንዳለው ጠይቁ፣ ከሌለው ቀን ቀይሩ።

ቅሬታዬን እዚህ ላይ ላቆም ነበር፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ባለፈው ሳምንት ያ የሚጾመው ጓደኛችን፣ ከግሩፑ የወጣው፣ ከስንት ጊዜ ዝምታ በኋላ በንግድ ባንክ ብር ላከልኝ። 341 ብር ከ55 ሳንቲም። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «ቺፕስና ኮካ፣ ሰርቪስና ቫት ጨምሮ» ብሎ ጽፏል።

ለዕቁባችን ጸሐፊ አሳየሁት። ስልኩን አውጥቶ ደመረ። «ሒሳቡ ልክ ነው፣ ቅዳሜ ይምጣ በለው» አለ።