ልጄ በሞርሞኖች ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ቢጫወት ሃይማኖቱን ካደ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምንኖረው ኮሎራዶ ነው። የ17 ዓመት ልጄ የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወታል። ጨዋታው ለእኔ ባይገባኝም ጎበዝ ነው ይሉታል። ዘንድሮ የኮሌጅ መልማዮች ስልክ አላባራ አለ። ልቡን የወሰደው ግን የሞርሞኖቹ (የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች) ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለጉብኝት ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ዩታ ግዛት ወስደውን ነበር። ሰዎቹ ትሑቶች ናቸው፤ አይሰክሩም፣ አይሳደቡም። ልጄ ስንመለስ «እማዬ፣ እነሱ ከእኛ ይልቅ ክርስቲያን ናቸው» አለኝ። አባቱ «ሙሉ ስኮላርሺፕ ነው፣ ምን ያስጨንቅሻል?» ይላል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እዚያ መማሩ ክህደት ነው? ቡና እንኳ አይጠጣም አሉን። ደግሞ አንድ ደጋፊ «ቡድናችንን እግዚአብሔር ያግዘዋል» ሲል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ በመጀመሪያ ይተኙ። እዚያ መማሩም መጫወቱም ክህደት አይደለም። የሚያሰጋው ነገር ሌላ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ስለ ሰዎቹ ክፉ እንድናገር ግን አይጠብቁ። በ77ቱ ረሃብ ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 27 ቀን 1985፣ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ አባሎቻቸው አንድ ቀን ጾመው ያልበሉትን ምግብ ዋጋ ሰጡ። ለኢትዮጵያና ለሌሎች የአፍሪካ ረሃብተኞች ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። የእኛን ሰው ያበላ እጅ ነውና አንረሳውም።

ሃይማኖታችን ግን አንድ አይደለም። እኛ በአንድ መለኮት፣ በሦስት አካላት እናምናለን። እነሱ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ የተለያዩ ሦስት ህልውናዎች ናቸው፤ አብም የሥጋና የአጥንት አካል አለው ብለው ያስተምራሉ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር መጽሐፈ ሞርሞንን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ይቀበላሉ። የእኛን ጥምቀት አይቀበሉም፤ እኛም የእነሱን አንቀበልም። ይህን ልጅዎ ሳይሳደብና ሳይፈራ መናገር መቻል አለበት።

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲው እንምጣ። ቤተ ክርስቲያናቸው ያልሆነ ተማሪም ይቀበላሉ። ተማሪው በሥነ ምግባር ደንቡ ላይ ይፈርማል፤ መጠጥ የለም፣ ትምባሆ የለም፣ ሻይና ቡና የለም፣ ከጋብቻ በፊት ዝሙት የለም። ወንዶቹ ጺም እንኳ አያሳድጉም። (እኔ በዚህ በኩል አላልፍም።) በየዓመቱም የሃይማኖት አባት የድጋፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ይህን ማረጋገጫ የእኛ ካህን ሊሰጡት ይችላሉ። የግድ የእነሱን መሪ ደጅ መጥናት የለበትም።

የሃይማኖት ኮርስም ግዴታ ነው፤ መጽሐፈ ሞርሞንንም ይማራል። እንደ ትምህርት ይማረው። ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅ የከለዳውያንን ቋንቋና ትምህርት ተምረዋል፤ እንዲያውም ከክፍሉ አንደኛ ወጥተዋል። ያልነኩት የንጉሡን ማዕድ ነው። ጥራጥሬና ውኃ ይበቃናል አሉ። ከ10 ቀን በኋላ ፊታቸው ከሌሎቹ ይልቅ አምሮ ተገኘ። ልጅዎ ረቡዕና ዓርብ ሲጾም አሠልጣኞቹ ስለ ፕሮቲን መጨነቃቸው አይቀርም። ያኔ የዳንኤልን ታሪክ ይንገራቸው። ምስርና ሽምብራም አለ።

ከባዱ ፍልሰታ ነው። ጾሙ ነሐሴ 1 ይገባል፤ በፈረንጆቹ ኦገስት 7 መሆኑ ነው። የፉትቦሉ ዋና የዝግጅት ልምምድም ልክ በዚያው ወር፣ በዚያው ፀሐይ ነው። እዚህ ላይ እኔ ከሩቅ ሆኜ አልፈርድም። እስከ ስንት ሰዓት ይጹም፣ ምን ይብላ የሚለውን አቅሙን አይተው የሚነግሩት ነፍስ አባቱ ናቸው።

ቡናውን በተመለከተ ብዙ አይዘኑ። የእነሱ ክልከላ በፈረንጆቹ ከ1833 ጀምሮ ያለ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም የፈረንጆቹ ናቸው)። የእኛም ካህናት በአንድ ወቅት ቡናን ያወግዙ ነበር፤ በምኒልክ ዘመን ነው ነገሩ የላላው። ቡና አለመጠጣት ሃይማኖት አያስለውጥም። ደንቡ ግን ከግቢ ውጭም ይሠራል። ስለዚህ ለእረፍት ቤት ሲመጣ «እኔ ያፈላሁትን እንቢ ትላለህ?» ብለው ስኒ እንዳያቀርቡለት። በፊርማው የገባውን ቃል እናቱ አታፍርስበት። ቄጤማው ላይ ተቀምጦ ፈንዲሻውን ይብላ።

«እግዚአብሔር ያግዘናል» የሚለው የደጋፊዎች ወሬ አዲስ አይደለም። በ2007 የዩታ ዩኒቨርሲቲን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሲያሸንፉ አንድ ተጫዋቻቸው በሜዳም ከሜዳ ውጭም ቀና ሆኖ ለሚኖር ጌታ ይደርስለታል የሚል ነገር ተናግሮ ነበር። የሁለቱን ዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ ሕዝቡ «ቅዱሱ ጦርነት» ይለዋል። የሚያስቀው፣ ከዩታ ደጋፊዎች ብዙዎቹ የዚያችው ቤተ ክርስቲያን አባላት ናቸው። ቅዳሜ ሲጯጯሁ አምሽተው እሁድ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እግዚአብሔር የማንን ጸሎት ይስማ?

በ1984 የልጅዎ ቡድን 13 ተጫውቶ 13ቱንም አሸንፎ የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ። በ2017 ደግሞ 4 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ያን ዓመት ጾም ጸሎት ቀንሰው ነበር እንበል? ጌታ ፀሐዩን ለክፉም ለደግም ያወጣል፤ በወንጌል ያለው ይኸው ነው። እኛም በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የተጠራ ክለብ አለን። ቡና ሲያሸንፈው ሰማዕቱ ተሸነፈ ያለ ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ልጁ ከጨዋታ በፊት ይጸልይ፤ እንዳይጎዳና ሌላውንም እንዳይጎዳ ይለምን። ውጤቱን ለእግሩና ለአሠልጣኙ ይተው።

አንድ ነገር ደግሞ ይወቅ፤ ጥቁር ልጅ ነውና። ያ ቤተ ክርስቲያን እስከ 1978 ድረስ ጥቁር ወንዶችን ለክህነት አይሾምም ነበር። በ1969 የዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ 14 ጥቁር ተጫዋቾች ከብሪገም ያንግ ጋር ሲገጥሙ ይህን ለመቃወም ጥቁር ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ማሰር ፈለጉ። የራሳቸው አሠልጣኝ ሁሉንም ከቡድኑ አባረራቸው። ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ ከእነዚሁ ሰዎች በሕይወት ያሉት ከዚያው ቤተ ክርስቲያን ጋር ሆነው ለችግረኞች ምግብ አከፋፈሉ። ሁለቱንም ይወቅ፤ መባረሩንም፣ እርቁንም።

ያሰጋኛል ወዳልኩት ልምጣ። ከቡድን ጓደኞቹ ብዙዎቹ በ18 እና በ19 ዓመታቸው ሄደው ሁለት ዓመት ሰብከው የተመለሱ ናቸው። ስለ እምነታቸው ማውራት ይችሉበታል፤ በዚያ ላይ ጥሩ ልጆች ናቸው። የእርስዎ ልጅ ከቤት ርቆ፣ ምናልባት ጉልበቱ ተጎድቶ፣ ከተሰላፊዎቹ ውጭ ተቀምጦ ሳለ የሚያጽናኑት እነሱ ይሆናሉ። ከዚያ «ለምን አትጠመቅም?» ይመጣል። አሠልጣኙ ያስገድደዋል አላልኩም። ማንም አያስገድደውም፤ ብቸኝነት ግን ብዙ ያስፈርማል።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር አለ። ኦርቶዶክስ ሆኖ የገባ፣ ኦርቶዶክስ ሆኖ ይመረቃል። ተጠምቆ አባላቸው ከሆነ በኋላ ግን ልቡ ቢመለስ «የቀድሞ አባል» ይባላል። በደንባቸው የቀድሞ አባል በመደበኛው መንገድ ያን ዓመታዊ ማረጋገጫ አያገኝም፤ ያለ እሱ ደግሞ ትምህርቱም ኳሱም የለም። ስለዚህ ሃይማኖቱን ከኳሱ ጋር አንድ ላይ እንዳያስር አሁኑኑ ይነገረው። ሳይጠመቁ የተጫወቱ አሉ። ጄክ ሬትዝላፍ አይሁዳዊ ሆኖ በ2024 ቡድኑን መርቶ 11 ጨዋታ አሸንፏል። በ2025 ግን ከደንቡ ጋር በተያያዘ ቅጣት ሲመጣበት ለቆ ሄደ። ደንቡ ቀልድ አያውቅም። ማንታይ ቴኦ ደግሞ የእነሱ ልጅ ሆኖ ወደ ካቶሊኮቹ ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ስመ ጥር ሆነ፤ እምነቱንም አልቀየረም።

«ከእኛ ይልቅ ክርስቲያን ናቸው» ያለዎትን በቁጣ አይመልሱበት። ልጁ ዓይን አለው። እነሱ እሁድ አይጫወቱም፤ ገንዘብ ቢቀርባቸውም አይጫወቱም። እኛ ጋ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በአሜሪካ ሰዓት እሁድ ጠዋት ነው የሚተላለፈው፤ ልክ በቅዳሴ። ነጠላው ሥር ስልኩን ደብቆ አርሴናልን የሚከታተል ወንድም ስንቴ አይቻለሁ! አንዴማ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ስንል አንዱ «ጎል» አለ። ቤተ ክርስቲያን በኮሚቴ ጠብ ለሁለት ሲከፈልም ይኸው ልጅ ኋላ ቆሞ ያይ ነበር።

ስለዚህ ሳይፈርም በፊት አብረው ይቀመጡ። ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ ያውቃል? ትርጉሙንስ በእንግሊዝኛ ለጓደኛው ማስረዳት ይችላል? ካልቻለ ጥፋቱ የዩታ ሰዎች አይደለም፤ የእኛ የመምህራኑ ነው። አምስቱን አዕማደ ምሥጢር በሚገባው ቋንቋ የሚያስተምረው ሰው ይፈልጉ፤ እኔም በስልክ እገኛለሁ። ዩኒቨርሲቲው ካለበት ከፕሮቮ ከተማ እስከ ሶልት ሌክ ሲቲ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እዚያ ያሉትን የእኛን ምእመናን ካሁኑ ይተዋወቃቸው። ቅዳሜ ማታ ሲጫወት አምሽቶ እሁድ ጠዋት የሚወስደው መኪና ያስፈልገዋልና።

ለማረጋገጫው ነፍስ አባቱን ያነጋግሩ። ቅጹ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጁ ራሱ አጠገባቸው ተቀምጦ እየተረጎመ ይሙሉት። እሳቸውም «መጨረሻ የቆረብከው መቼ ነው?» ብለው ሊጠይቁት ይችላሉ። እርስዎ ያን ጊዜ ከክፍሉ ወጣ ይበሉ።