ረቡዕ ዓሣ ልትጋብዢ ላሰብሽው እህት

ሰላም እህቴ። አባትሽ ከባሕር ዳር ስለሚመጡ ረቡዕ ምሳ መሐል ከተማ ካለ ትንሽ ዓሣ ቤት ልጋብዛቸው፣ የት ልውሰዳቸው ብለሽ ጠይቀሻል። ድሮ የምናውቃቸውን ቤቶች እርሺያቸው፤ ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርስ ብዙዎቹ አብረው ሄደዋል። እኔም የጣና ዳር ሰው ጋብዤ ጉድ ሆኛለሁና ስሚኝ።

1. የባሕር ዓሣ አትዘዢ። አጎቴ በቆሮሶ ዓሣ (ቲላፒያ የሚሉት) ያደጉ ሰው ናቸው፤ ቆሮሶ ምን ያስደንቃቸዋል ብዬ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ያለበት ቤት ወሰድኳቸው። ሳልሞንና ሽሪምፕ አዘዝኩ። ሽሪምፑ ሲቀርብ አጎቴ በሹካ ገልበጥ አድርገው አዩትና «ክንፍ የለው፣ ቅርፊት የለው፣ ይኼ ይበላል?» ብለው ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት። የኦርቶዶክስ ልጅ ሆኜ ይህን አለማሰቤ! አምባዛም ቅርፊት ስለሌለው ብዙ ሰው አይነካውም፤ ስለዚህ ጉላሽ ስታዢ ከምን ዓሣ እንደተሠራ ጠይቂ። ሳልሞኑን ግን ቀመሱት፤ «በረዶ ውስጥ የከረመ ነው» አሉ።

2. ዋጋው የስንት ግራም እንደሆነ ጠይቂ። እኔን ያከሰረኝ ይህ ነው። ሜኑው ላይ ያየሁት ዋጋ የአንድ ሳህን መስሎኝ ነበር። ለካ ከሥሩ በጉንዳን ፊደል «በ100 ግራም» ይላል፤ የእኛ ሳልሞን ደግሞ 400 ግራም ሆኖ ተገኘ። በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ 10 በመቶ የአገልግሎት። አስተናጋጁን ስጠይቀው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ተጽፏል እኮ» አለኝ። አገልግሎቱ እንግዲህ ይህ ነበር። አጎቴ ኪሳቸውን መዳበስ ሲጀምሩ የተሰማኝን እፍረት አልነግርሽም።

3. ዓሣውን ሳታዪ አትቀመጪ። ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው አጎቴ ናቸው። በሳምንቱ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው በኩል፣ ከአንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ያለው ቤት አገኘሁ። ዓሣው ከዝዋይ፣ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጠዋት ይገባል። አጎቴ ማንንም ሳያስፈቅዱ ማድ ቤት ገብተው የአንዱን ስንጥብ (የሚተነፍስበትን) በጣታቸው ከፈት አደረጉ፤ ደም የመሰለ ቀይ። ዓይኑም ጥርት ያለ ነው። ባለቤቷ ትቆጣለች ብዬ ስሳቀቅ ሳቀችና «አባባ፣ የትኛውን ልጥበስልዎ?» አለቻቸው።

ሙሉው ቆሮሶ ጎንና ጎኑ በቢላዋ ተሸንትሮ በዘይት ተጠብሶ መጣ፤ ሥጋው በጣት ሲሳብ ዘለላ ዘለላውን ይወጣል። ከዳጣና ከሎሚ ጋር አጎቴ አንድም ቃል ሳይናገሩ ጨረሱ። ጭንቅላቱን ለብቻ አስቀርተው በመጨረሻ መጠጡት፤ የዓሣ አገር ሰው ነገር! ሒሳቡም እንደ ቀድሞው አላስደነገጠኝም፤ በዓሣው ልክ ስንት እንደሆነ ሳይጠበስ ነግራን ነበር።

አባትሽ በጾም ዓሣ የማይበሉ ከሆነ ግን ቀኑን ለውጪው፤ የእኔ አጎት ይበላሉ። የቤቱን ስም በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፤ እዚህ ከጻፍኩት እኔ ራሴ ወንበር አላገኝም። ረቡዕ ከሆነ ከስድስት ሰዓት በፊት ድረሺ፤ ሰባት ላይ የሚቀረው ሾርባው ብቻ ነው።