መለኪያው ዝም ስላለ ብቻ አትመን

በአንድ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ የሚሠራ ወጣት ቴክኒሻን እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ 30 ኪሎቮልት የሚደርስ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ገና መተከሉ ነው። አንዱ ዲቴክተር ስላልደረሰ ቀዳዳውን በ3 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ዘጋነው። ባለን ጋይገር (የጨረር መለኪያ) ዙሪያውን ስፈትሽ ምንም አላሳየም። ይበቃል?»

አይበቃም፣ ወንድሜ። ያ አሉሚኒየም እስኪቀየር ማሽኑን አታስነሳው።

ኤሌክትሮን ብረት ሲመታ ኤክስሬይ ይፈጠራል። የኤክስሬዩ ጉልበት ከቮልቴጁ አያልፍም፤ ያንተ ጣሪያው 30 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት (የጨረር ጉልበት መለኪያ) ነው። ደካማ ጨረር ስለሆነ የቻምበሩ (ናሙናው የሚገባበት ክፍል) ግድግዳ በቀላሉ ይውጠዋል። በዚህ ጉልበት ግማሹን ለማስቀረት 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ብረት ይበቃል። አሉሚኒየም ግን ለዚያው ከ2 ሚሊሜትር በላይ ይፈልጋል። የእናንተ ክዳን እንግዲህ ከጠንካራው ጨረር ከሲሶው በላይ ያሳልፋል። ቶርኖ ቤት ሂዱና 5 ሚሊሜትር ስቴንለስ አስቆርጡ። ወጪው ይህን ያህል አይደለም።

ታዲያ ጋይገሩ ለምን ዝም አለ? ቱቦው ወፍራም ብረት ከሆነ ደካማውን ኤክስሬይ ራሱ ያስቀረዋል። ብዙዎቹ መለኪያዎች የሚስተካከሉት በሲዚየም 137 ነው፤ የሱ ጨረር 662 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ነው፤ ካንተ ማሽን ጋር አይገናኝም። የሚያስፈልግህ ቀጭን የማይካ መስኮት ያለው መለኪያ ነው። ስትለካ የመለኪያውን መስኮት የሚሸፍነውን ክዳን ማውለቅ እንዳትረሳ። መስኮቱን ግን በጣትህም አትንካው፤ ወዲያው ይቀደዳል።

አሉሚኒየሙ ከተቀየረ በኋላ፣ መጀመሪያ ማሽኑ ጠፍቶ የክፍሉን መደበኛ ንባብ መዝግብ። ከዚያ 30 ኪሎቮልት፣ ትልቁ አፐርቸር (ኤሌክትሮኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ)፣ ከፍተኛው ከረንት። ናሙና ማስቀመጫው ላይ ወርቅ ወይም ተንግስተን አድርግ፤ ከባድ ብረት ብዙ ኤክስሬይ ያወጣል። ባዶ ማስቀመጫ ላይ የተለካ ቁጥር ሰው ያታልላል። የመለኪያውን መስኮት ወደ ማሽኑ አስጠግተህ በጣም ቀስ በል፦ የበሩ ጎማ፣ የፍላንጁ መጋጠሚያ፣ የዲቴክተሮቹ ሥር፣ የማያ መስታወቱ ጠርዝ፣ ከታች ወደ ፓምፑ የሚወርደው ቱቦ። የሚሾልከው ጨረር እንደ ክር ቀጭን ሊሆን ይችላል፤ ከቸኮልክ ታልፈዋለህ።

ድምፁ ከጨመረ አትደንግጥ። አንዳንዴ የከፍተኛ ቮልቴጁ ጣጣ ነው። በመሃል ትንሽ የእርሳስ ቅጠል አስገባ። ንባቡ ከወረደ ጨረር ነው፤ ካልወረደ የኤሌክትሪክ ረብሻ ጠርጥር።

ልክ የት እንደሚያፈስ ካገኘህ በኋላ መጠኑን ለዝቅተኛ ጉልበት በተስተካከለ አዮን ቻምበር (የጨረር መጠን መለኪያ) ለካ። ጋይገር ቦታ ጠቋሚ እንጂ መጠን ነጋሪ አይደለም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እንዲህ ላለ ዕቃ የሚጠቀምበት መነሻ ከሚነካ ገጽ 10 ሴንቲሜትር ላይ በሰዓት 1 ማይክሮሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ አሃድ) ነው። ከዚያ ካለፈ ማሽኑን አጥፋና አምራቹን ጥራ፤ ጨረራን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤትም አሳውቅ። ቮልቴጁ ሲጠፋ ጨረሩም አብሮ ስለሚጠፋ ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ መግባት አያስፈራም።

ኢንተርሎኩንም፣ ማለት ቮልቴጁን በራሱ የሚቆርጠውን መከላከያ፣ ሞክረው። የኤሌክትሮን ጨረሩን አስነሳና የቻምበሩን ቫኪዩም ለመልቀቅ በሶፍትዌሩ እዘዝ። ቮልቴጁ በራሱ ካልተቆረጠ ፈቃድ አትስጥ። ኢንተርሎኩን ሽቦ አጋጥሞ የሚያልፈውን ሰው ደግሞ ቁልፉን ቀማው።

ዲቴክተሩ ሲደርስና ክዳኑ ሲነሳ እንደገና ለካ። ንባቡን ከቦታው፣ ከቮልቴጁና ከከረንቱ ጋር መዝግበህ ፎልደሩን እዚያው ማሽኑ አጠገብ አስቀምጥ።