ስለ አየርላንድ የፌሪ ምሽጎች፦ ጥያቄና መልስ

አየርላንድ ገጠር ውስጥ በየግጦሹ መሐል ክብ የአፈር ቅጥር ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ዛፍና እሾህ ወርሶታል። ሰዉ «የፌሪ ምሽግ» ይለዋል፤ ፌሪዎች በአየርላንድ ተረት ከሰው ተሰውረው የሚኖሩ መንፈስ መሰል ፍጡራን ናቸው። ስለ እነዚህ ቦታዎች የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ማን ሠራቸው? ለጦርነት ነው?

መልስ፦ ምሽግ ይባሉ እንጂ አብዛኞቹ የገበሬ ግቢ ነበሩ። ብዙዎቹ የተሠሩት ከ6ኛው እስከ 10ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ነው። ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ውስጥ ይከመርና ቅጥር ይሆናል፤ መሐሉ ላይ ቤት ይሠራል። ስፋታቸው በአብዛኛው 30 ሜትር ገደማ ነው። ሀብት በከብት በሚለካበት በዚያ ዘመን ቅጥሩ ከከብት ሌባና ከተኩላ ይጠብቃል። እስካሁን ከ40,000 በላይ ተመዝግበዋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፌሪዎቹ ከየት መጡ?

መልስ፦ በአየርላንድ አፈ ታሪክ ቱዋሃ ዴ ዳናን የሚባሉ ኃያላን ድል ተነሥተው ከምድር በታች ገቡ፤ ፌሪዎች የእነሱ ወገን ናቸው ይባላል። አንዳንዱ ምሽግ ደግሞ ከሥሩ በድንጋይ የተገነባ ጠባብ ዋሻ አለው። ምግብ ማስቀመጫና በክፉ ቀን መደበቂያ ነበር። ሲያርስ መሬቱ ተደርምሶ እንዲህ ያለ ዋሻ የተከፈተበት ገበሬ «ከሥር ሌላ አገር አለ» ቢል አይፈረድበትም። ሽማግሌዎች ፌሪዎቹ እንዳይቀየሟቸው ስማቸውን አይጠሩም፤ «ደጋጎቹ ሰዎች» ይሏቸዋል።

ጥያቄ፦ ቢያፈርሷቸው ምን ይመጣል ይባላል?

መልስ፦ ከብት ያልቃል፣ እጅ ይሽመደመዳል፣ ልጅ ይታመማል። ከ1937 እስከ 1939 የአየርላንድ ፎክሎር ኮሚሽን ተማሪዎች አያቶቻቸውን እየጠየቁ እንዲጽፉ አድርጎ ነበር፤ በዚያ ስብስብ ውስጥ ቅጥሩን የነካ ወይም እሾሁን የቆረጠ ሰው የደረሰበት መከራ ደጋግሞ ይተረካል። እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ፍርሃት ነው። የአየርላንድ ብሔራዊ የጥንታዊ ሐውልቶች ሕግ የወጣው በ1930 ነው፤ ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ማረሻውን ያስቆመው ይህ ፍርሃት ነበር። ፍርሃቱ ሲላላ፣ ትራክተርና ቡልዶዘር ሲመጡ፣ ሕጉ እያለም ብዙ ምሽጎች ተደረመሱ።

ጥያቄ፦ ዛሬም የሚያምን አለ?

መልስ፦ አለ። በ1999 በክሌር ካውንቲ፣ ላቱን አካባቢ፣ አውራ መንገድ ሊያልፍበት የነበረ አንድ የእሾህ ዛፍ የፌሪዎች መሰብሰቢያ ነው ብሎ ተረት ተራኪው ኤዲ ለኒሃን ተሟገተ፤ ዛፉም ሳይቆረጥ ቀረ። በ2017 ደግሞ የኬሪው የምክር ቤት አባል ዳኒ ሂሊ-ሬይ አንድ መንገድ ተጠግኖ ዳግም የሚሰምጠው አካባቢው የፌሪ ምሽግ ስለሆነ ነው ብለዋል።

ጥያቄ፦ እምነቱ ጉዳት አላደረሰም?

መልስ፦ አድርሷል፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም። በ1895 በቲፐሬሪ ካውንቲ ብሪጅት ክሊሪ የተባለች ልብስ ሰፊ ታመመች። ባሏ «ሚስቴን ፌሪዎች ወስደው ሌላ ተክተውብኛል» ብሎ አቃጥሎ ገደላት። ከዚያም እውነተኛዋ ሚስቱ በነጭ ፈረስ ትመጣለች ብሎ በአካባቢው ባለ የፌሪ ምሽግ ዘንድ ሌሊት ጠበቃት። ተፈርዶበት 15 ዓመት ታሰረ። ሌላም የሚያም ነገር አለ፦ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት በቤተ ክርስቲያን መቃብር ስለማይፈቀድላቸው፣ ወላጆች ማንም የማያርሰው ቦታ ነው ብለው አንዳንዶቹን ምሽጎቹ ውስጥ ይቀብሯቸው ነበር።

ጥያቄ፦ የት ልጎብኝ?

መልስ፦ ዌክስፎርድ ያለው የአየርላንድ ብሔራዊ ቅርስ ፓርክ እንደገና የተሠራ ግቢ ያሳያል። በድንጋይ የተሠራውን ከፈለጉ ክሌር ውስጥ ካሄርኮማን አለ፤ ሦስት ቅጥር ያለው፣ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ነው። ተራዎቹ ግን በአብዛኛው በሰው እርሻ ውስጥ ናቸውና መጀመሪያ ባለመሬቱን ያስፈቅዱ።